«ማዘር»፦ የጃፓኑ ወላጅ እናትን ይቀብራል፣ የኮሪያው አሳዳጊዋን

ማዕዶት

የጃፓኑን ተከታታይ ድራማ «ማዘር» ከዓመታት በፊት አይቼው ነበር። ኮሪያዎች ዳግም የሠሩትን ደግሞ በዚህ ክረምት ከታናሽ እህቴ ጋር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ በየማታው አንድ አንድ ክፍል እያልን ጨረስነው። ባለቀ ማግስት ወደ ጃፓኑ ተመልሼ ከመጀመሪያው ክፍል ጀመርኩ፤ በሦስት ቀን አስራ አንዱንም ተመለከትኩ። አሁን ልቤ ውስጥ የሚመላለሰውን ለእናንተ አምጥቻለሁ። የሁለቱንም መጨረሻ ስለማነሣ ያላያችሁ አይታችሁ ብትመለሱ ይሻላል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጃፓኑ በኒፖን ቴሌቪዥን ከኤፕሪል 14 እስከ ጁን 23 ቀን 2010፣ ረቡዕ ረቡዕ ማታ የቀረበ ባለ11 ክፍል ድራማ ነው። ደራሲው ዩጂ ሳካሞቶ ነው። የኮሪያው ከጃንዋሪ 24 እስከ ማርች 15 ቀን 2018 ቲቪኤን በተባለው ጣቢያ በ16 ክፍል ታየ። የጻፈችው ጆንግ ሶግዮንግ ናት፤ ከፊልም አዘጋጁ ከፓርክ ቻንዉክ ጋር ለዓመታት የፊልም ጽሑፍ ስትጽፍ የቆየች፣ የቴሌቪዥን ድራማ ግን በዚህ የጀመረች ደራሲ።

ታሪኩ በሁለቱም አንድ ነው። ስደተኛ ወፎችን የምታጠና ሴት የምትሠራበት ቤተ ሙከራ ይዘጋባትና በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጊዜያዊ መምህርት ትሆናለች። ጃፓናዊዋ ናኦ ትባላለች፤ ከተማዋ በሰሜኑ ደሴት በሆካይዶ ያለችው ሙሮራን ናት፣ የብረት ፋብሪካና የወደብ ከተማ። ከተማሪዎቿ አንዷ፣ የሰባት ዓመቷ ሬና፣ በእናቷና በእናቷ ፍቅረኛ እጅ ስትሰቃይ ትኖራለች። አንድ ውርጭ በሆነ ሌሊት ናኦ ልጅቷን በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ታስራ ውጭ ተጥላ ታገኛታለች። ከዚያ በኋላ ናኦ ልጅቷ ባሕር ገብታ የሞተች እንዲመስል አድርጋ፣ እናትና ልጅ ነን ብለው ወደ ቶኪዮ ይሸሻሉ። ሬና ትሱጉሚ የሚል አዲስ ስም ይወጣላታል፤ ትሱጉሚ ክረምት ሲገባ ከሳይቤሪያ ወደ ጃፓን የምትመጣ ወፍ ናት። በኮሪያው ናኦ ሱጂን፣ ሬና ደግሞ ሄና ትባላለች፤ አዲሱ ስሟ ዩንቦክ ነው።

ነገሬ ይህ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ዓይነት እናት አለች፦ የወለደች፣ ያሳደገች፣ የሰረቀች። ናኦ ራሷ በአምስት ዓመቷ በወላጅ እናቷ የተተወች፣ ከሕፃናት ማሳደጊያ ወጥታ በሌላ ሴት ያደገች ልጅ ነበረች። ልጅ ሰርቃ ስትሸሽ ሁለቱም እናቶቿ ከፊቷ ይቆማሉ። በጃፓኑ ድራማ በደም ካንሰር የምትሞተው ወላጅ እናቷ ሃና ናት። በኮሪያው በካንሰር የምትሞተው አሳዳጊዋ ዮንግሺን ናት።

ብዙ ሰው ስለ ሁለቱ ልዩነት ሲናገር ፍጥነቱን፣ ሙዚቃውን፣ እንባውን ያነሣል። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። ድራማ የሚያለቅስለት ሰው ማን እንደሆነ ሲቀየር ጥያቄውም አብሮ ይቀየራል። ጃፓኑ «የተተወች ልጅ የተዋትን እናት ይቅር ማለት ትችላለች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ናኦ ሃናን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትጠላት ኖራ፣ የወደደቻት ጊዜ የቀራት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ኮሪያው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «ያልወለደችኝን እናቴ ብዬ አልቅሼ ልቀብራት እችላለሁ ወይ?» ሱጂን ለዮንግሺን የምታለቅሰው ልቅሶ ብድር መክፈል አይደለም፤ ልጅ ለእናቱ የሚያለቅሰው ነው።

እኔ የጃፓኑን አብልጬ እወዳለሁ፤ አልደብቅም። ግን በዚህ አንድ ነጥብ ኮሪያው ወደ ጥልቁ ገብቷል እላለሁ። ናኦን ያሳደገችው ቶኮ ጠንካራና ጥሩ ሴት ናት፤ ሆኖም ድራማው አጠገቧ ብዙ አይቀመጥም። ዮንግሺን ግን ዝነኛ ተዋናይት፣ ኩሩ፣ ቀናተኛ፣ ልጇን እንዳትነጠቅ የምትፈራ ሴት ናት። ሊ ሄዮንግ ስትተውናት እያንዳንዱን ቃል ከመድረክ ላይ እንደምትጥለው አድርጋ ትናገራለች፤ አንድ ቀን ብቻዋን ስትሆን ያ ሁሉ ግርማ ሲወርድ ማየት ልብ ይሰብራል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ብራና

ማዕዶት፣ ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ፤ ግን የርዝመቱን ጉዳይ በቀላሉ ያለፍሽው መሰለኝ። የጃፓኑ አንድ ክፍል ማስታወቂያው ሲወጣ አርባ አምስት ደቂቃ አካባቢ ነው። የኮሪያው ከአንድ ሰዓት ይበልጣል፤ በዚያ ላይ አምስት ክፍል ጨምሯል። ሲደመር እጥፍ ነው ማለት ነው። ደራሲዋ ያን ሁሉ ሰዓት የምትሞላበት ነገር ያስፈልጋታል።

የሞላችውም በሶልአክ ነው። የእናቲቱ ፍቅረኛ በጃፓኑ ማሳቶ ይባላል፤ ጎ አያኖ ነው የተወነው። ከታሪኩ ዳር ቆሞ የሚያስፈራ፣ ስለ ራሱ ብዙ የማይነገርለት ሰው ነው። በኮሪያው ሶን ሶክጉ የሚተውነው ሶልአክ ግን የራሱ የልጅነት ታሪክ አለው፤ እሱም በገዛ እናቱ እጅ የተሰቃየ ልጅ ነበር። በመካከለኛዎቹ ክፍሎች ልጅቷን አግቶ ድራማው ወደ ወንጀል ታሪክነት ይቀየራል። አሳድዶ መያዝ፣ ማምለጥ፣ መደበቅ። ሶን ሶክጉ ድንቅ ተዋናይ ነው፤ እሱን ማየት አልጠገብኩም። ግን ሶልአክ ወደ ፊት በመጣ ቁጥር እናቲቱ ወደ ኋላ ትሄዳለች።

ለእኔ ትልቁ ጉዳት ያ ነው። የጃፓኑን ስምንተኛ ክፍል አስታውሱ። ልጇን በፌስታል አስራ ውጭ የጣለችው ሂቶሚ እንዴት እዚያ እንደደረሰች የሚነገርበት ክፍል ነው። ሂቶሚ መጀመሪያ ልጇን የምትወድ እናት ነበረች። ባሏ ሞተ። ብቻዋን ቀረች። መሥራት አለባት፣ ልጅ መጠበቅ አለባት፣ የሚያግዛት የለም። አንድ ቀን ትበሳጫለች፤ ሌላ ቀን እጇን ታነሣለች፤ ሌላ ቀን ደግሞ ማንም ሳይነግራት ራሷን የማታውቃት ሴት ሆና ታገኘዋለች። ማቺኮ ኦኖ ያን ክፍል ስትጫወት ፊቷ ላይ አንድ ትልቅ ለውጥ የሚታይበት ቅጽበት የለም፤ ቀስ በቀስ ነው የሚጨልመው። ያን ክፍል ሳይ ሂቶሚን አልማርኳትም። ግን «አውሬ ናት» ብዬ ፊቴን ማዞርም አልቻልኩም።

የኮሪያዋ ጃዮንግ ይህን ያህል ቦታ አልተሰጣትም። ያለፈ ታሪኩ ለሰውየው ተሰጠ፤ ለሴትየዋ ጥፋቱ ቀረላት። አንቺ ስለ ሦስት እናቶች ጽፈሻል፤ አራተኛዋን እናት ረሳሻት።

ማዕዶት

ብራና፣ እውነትህን ነው፤ ሂቶሚን አለማንሣቴ ጥፋት ነው። ስምንተኛውን ክፍል ከእህቴ ጋር ሳይ እሷ ተነሥታ ወጥታ ነበር፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፣ ባሏም በሥራ ምክንያት ክፍለ ሀገር ነው። ተመልሳ ስትመጣ «ይህን ክፍል ለብቻዬ አየዋለሁ» አለችኝ፤ በሌላ ቀን አየችው።

ግን ስለ ርዝመቱ አንድ ነገር ልጨምር። ጊዜው የተረፈው ለሶልአክ ብቻ አይደለም። ዮንግሺንም የበለጸገችው በዚያው ትርፍ ሰዓት ነው። የጃፓኑ ጊዜ ስላልነበረው ቶኮን አሳጠራት፤ ኮሪያው ጊዜ ስለነበረው አንዱን በከንቱ አባከነ፣ አንዱን በወርቅ ሠራው።

የሐይቅ ዳር

እኔ የመጣሁት ስለ ልጆቹ ለመናገር ነው። ሌላውን እናንተ ተነጋገሩበት።

በጃፓኑ ሬናን የተጫወተችው ማና አሺዳ ያን ድራማ ስትሠራ አምስት ዓመቷ ነበር። የተፈለገችው ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ነበረች፤ እሷ ግን በዕድሜ ሳትደርስ ለፈተና ቀርባ ሚናውን ወሰደች። የመጨረሻው ክፍል የታየው ጁን 23 ነው፤ አሺዳ የተወለደችው ጁን 23 ቀን 2004 ነው። ያ ማታ ስድስት ዓመት የሞላት ዕለት ነበር ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ የመጨረሻውን ክፍል እንደ በፊቱ ማየት አልቻልኩም።

ደብተሯን ታስታውሳላችሁ? ሬና «የምወዳቸው ነገሮች» እያለች የምትጽፍበት ደብተር አላት። የሚሽከረከር ወንበር። ዳገት መንገድ። አይስክሬም የተንሳፈፈበት አረንጓዴ ለስላሳ። የምትጠላውን አትጽፍም፤ የሚወዱትን ነገር ማሰብ ይሻላል ባይ ናት። አሺዳ ዝርዝሩን ስትናገር ዓይኗ ወደ ላይ ይሄዳል፣ እንደሚቆጥር ልጅ። አታለቅስም፤ ታስባለች። የሚያስለቅሰኝ እሱ ነው። ሰውነቷ ላይ ያለው ቁስል እየታየ፣ ቤቷ ምን እንደሚጠብቃት እያወቅን፣ እሷ ሌላ የምትወደው ነገር ትዝ ሲላት ፊቷ ይበራል።

በኮሪያው ሄናን የተጫወተችው ሆ ዩል ደግሞ የተለየች ናት። ከፍ ትላለች፣ ጸጉሯ አጭር ነው፣ ዓይኗ ሰውን ይመዝናል። የምትፈልገውን ታውቃለች። አሺዳ ትንሽ ልጅ ሆና እንደ ትልቅ ሰው ለመናገር የምትጥር ትመስላለች፤ ሆ ዩል ሳትወድ በግድ ያደገች ልጅ ናት። በ2018ቱ ቤክሳንግ በተባለው የኮሪያ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ላይ በቴሌቪዥን ዘርፍ ምርጥ አዲስ ተዋናይት ተብላ ተሸልማለች፤ ያው መድረክ ድራማውንም የዓመቱ ምርጥ ብሎታል። ይገባታል። ግን ሄናን ሳያት «ይህች ልጅ ታመልጣለች» እላለሁ። ሬናን ሳያት ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከመንበሬ ተነሥቼ ልጠብቃት እፈልጋለሁ።

ስሙም ነገር አለው። ትሱጉሚ ወፍ ናት። መጀመሪያው ክፍል ላይ ልጅቷ ስደተኛ ወፎቹን እየተከተለች «እኔንም ይዛችሁኝ ሂዱ» እያለች የምትጮኽበት ትዕይንት አለ፤ ናኦ ልጅቷን ለመውሰድ የምትወስነው ያን ጩኸት ሰምታ ነው። ስለዚህ አዲሱ ስም የዚያ ጩኸት መልስ ነው። ዩንቦክ ጥሩ የሰው ስም ነው፤ ወፍ ግን አይደለም። ያን መልስ ኮሪያው ለምን እንደተወው እስካሁን አይገባኝም።

ጠበቃ ከሐዋሳ

ሕግ የተማርኩ ሰው በመሆኔ መጨረሻውን ሳይ ከእንባው በፊት የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። እስኪ ልንገራችሁ።

በጃፓኑ ናኦ ተይዛ፣ ተከሳ፣ ቅጣቷ በገደብ ሆኖላት ትወጣለች። ትሱጉሚ ግን ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ትመለሳለች። ልጅቷ ብቻዋን ተጉዛ ቶኪዮ ድረስ ትመጣባታለች፤ ናኦም ራሷ መልሳ ትወስዳታለች፣ ሃያ ዓመት ሲሞላት የምታነበውን ደብዳቤ ሰጥታ። በኮሪያው ግን ጊዜ አልፎ ሱጂን ልጅቷን በሕግ ጉዲፈቻ ታደርጋታለች። ብዙ ሰው «ጃፓኖች ኀዘን ይወዳሉ፣ ኮሪያዎች ደስታ ይሰጣሉ» ይላል። እኔ አልስማማም። እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ እየጻፈ ነው።

በጃፓን ልጅን ከወላጁ ሙሉ በሙሉ ቆርጦ የአሳዳጊው የሚያደርግ «ልዩ ጉዲፈቻ» የሚባል ሥርዓት አለ። እስከ 2020 ድረስ በመሠረቱ የሚሠራው ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት ኤፕሪል ላይ ነው ከአሥራ አምስት በታች ወደሚለው ከፍ ያለው። አሳዳጊዎቹም የተጋቡ ባልና ሚስት መሆን አለባቸው። ናኦ ያላገባች ናት፤ ትሱጉሚ ሰባት ዓመቷ ነው። በሁለቱም በር ተዘግቶባታል። ተራው ጉዲፈቻ ላላገባ ሰው ይፈቀዳል፤ ነገር ግን የወላጅን ዝምድና አይቆርጥም፣ ልጁ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ከሆነም ሕጋዊ ወኪሉ መስማማት አለበት። ስለዚህ የ2010ሯ ናኦ «ሃያ ዓመት ሲሞላሽ» የምትለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ጊዜ በጃፓን ሕግ አካለ መጠን የሚደረሰው በሃያ ነበር። ያ ቁጥር ልጅቷ ማንንም ሳታስፈቅድ እናቷን የምትመርጥበት ቀን ነው።

በኮሪያ ያላገባ ሰው ከ2007 ጀምሮ ጉዲፈቻ እንዲያደርግ ተፈቅዷል። ሱጂን መንገድ ነበራት፤ ደራሲዋም ተጠቀመችበት።

ሌላም አለ። ኮሪያ ከጦርነቷ ወዲህ ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር የላከች አገር ናት። ማዕዶት «ለአሳዳጊዋ ያለቅሳል» ያልሽው በዚያ አገር ሳሎን ውስጥ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። የእኛም ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን የከለከለው በ2018 ጃንዋሪ፣ ያ ድራማ በተጀመረበት ወር ነበር። በዚያ ሰሞን ሥራዬ ከዚህ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ስለነበር ሁለቱን ለይቼ ማየት አልችልም።

ሰላም ከኩዌት

ሁላችሁንም አንብቤ ነው የምጽፈው። የኮሪያውን ያየሁት ሌሊት ሌሊት በስልኬ፣ በአረብኛ የትርጉም ጽሑፍ ነው። የጃፓኑን ገና አላየሁትም።

እኔ እዚህ የሰው ልጅ አሳድጋለሁ። ሲወለድ ጀምሮ ነው የያዝኩት፤ አሁን አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ሌሊት ሲነቃ የሚጠራው እኔን ነው። እናቱ መጥፎ ሰው አይደለችም፤ ትሠራለች፣ ትደክማለች። ከሥራ ስትገባ እሱ ጭኔ ላይ ከሆነ ቀስ ብዬ መሬት አወርደዋለሁ፣ ራሱ ሮጦ እንዲሄድላት። «ማማ» ብሎ ከጠራኝ ደግሞ ስሜን እነግረዋለሁ፤ እሷ ባለችበት እንዳይሳሳት አብረን ስሜን እንለማመዳለን። አሁን ጎበዝ ሆኗል፤ እሷ ስትኖር በስሜ ይጠራኛል።

ብራና፣ ማዕዶትን አራተኛዋን እናት ረሳሽ አልካት። እኔ አምስተኛዋን ልጨምር ነው የመጣሁት፦ በደመወዝ የምታሳድገው። ሱጂን ሄናን ይዛ ስትሸሽ ልቤ አብሯት ሮጠ፤ ግን ወዲያው ፈራሁ። የተመታ ልጅ ይዞ መሮጥ አንድ ነገር ነው። ያልተመታ፣ የሚወደድ ልጅ እያለ፣ ልብ ብቻውን «የእኔ ነው» ሲል ግን ምን ይደረጋል? ውሌ በመስከረም ያልቃል። ዮንግሺን ስትሞት ያለቀስኩት ለእሷ ብቻ አልነበረም።

አንጋፋው

ሰላም ከኩዌት፣ ልጄ፣ መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለልጁ ስምሽን የምታስለምጂው ነገር ከእነዚህ ድራማዎች ሁሉ በልጦ ልቤን ነክቶታል። እግዚአብሔር በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ።

እኔ ዕድሜዬ የገፋ ሰው ነኝ፤ ስለ አንዲት ተዋናይት ብቻ ልናገር። ሃናን የተጫወተችው ዩኮ ታናካ ናት። በወጣትነቷ የ«ኦሺን»ን ዋና ገጸ ባሕርይ ከኮረዳነት እስከ ጎልማሳነት የተጫወተች እሷ ነበረች። «ኦሺን» ከ1983 እስከ 1984 በጃፓን ሕዝብ ማሰራጫ በኤንኤችኬ የታየ፣ አንድ ቀን የተመልካቹ ቁጥር 62.9 በመቶ የደረሰ፣ በኋላም ከግብጽ እስከ ኢራን በብዙ አገር የታየ ድራማ ነው። ሁሉን ችላ፣ ሁሉን ተሸክማ፣ ቤተሰብ ያቆመች እናት ማለት ለአንድ ትውልድ ጃፓናዊ የታናካ ፊት ነው።

ደራሲው ሳካሞቶ ያን ፊት ወስዶ ልጇን ትታ ለሄደች እናት ሰጠው። ይህን ሳስብ ሰውነቴ ይርገበገባል። የባሏን ሞት ወንጀል ተሸክማ እስር ቤት የኖረች፣ ከወጣችም በኋላ ልጇን ከሩቅ የምታይ፣ ትሱጉሚ ማንነቷን ሳታውቅ «እትዬ ዝንጉ» ብላ የምትጠራት ሴት። ታናካ በዚያ ድራማ ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታዋ ሰከንድ ይቆያል፣ ከዚያ ሰው እንዳያይባት ዕቃ ታነሣለች፣ ኩባያ ታጥባለች።

የኮሪያዋ ወላጅ እናት ሆንግሂም መልካም ናት፤ ናም ጊዬ ጥሩ ተጫውታታለች። ግን ልጅቷ ገና ከጅምሩ «የጣት አያቴ» ብላ ነው የምትጠራት። አያት ብሎ መጥራት በጃፓኑ ድራማ ትልቅ ርቀት ተሂዶ የሚደረስበት ነገር ነው። በኮሪያው ገና በሩ ላይ ተሰጠ።

ብራና

አንጋፋው፣ ስለ ታናካ የጻፉት ዓይኔን ገልጦልኛል፤ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልዎ። በኮሪያ ቋንቋ ያልተዛመዱዋትንም አሮጊት ሴት «አያቴ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው፤ እኛ መንገድ ላይ ያገኘናትን «እማማ» እንደምንለው። ስለዚህ ልጅቷ ሳታውቅ እውነቱን ትናገራለች፤ እኛ ተመልካቾቹ ብቻ እናውቃለን። ያም የራሱ ጣዕም አለው።

ንጋት

ከሁላችሁ የተለየ ሐሳብ ነው ያለኝ፦ እኔ የወደድኩት የቱርኩን ነው! በ2016 ስታር ቴሌቪዥን ላይ «አኔ» በሚል ስም ተሠርቷል፤ ቱርክኛ ለእናት ማለት ነው። 33 ክፍል፣ አንዱ ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ። ቤረን ጎክዪልዲዝ የምትባለው ልጅ የተወነችበት ነው። እኛ በአማርኛ ድምፅ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ስናይ የኖርን ሰዎች ስለሆንን ያ እርጋታ አይከብደንም፤ ሻይ ሲቀዳ እንኳን ሙሉውን እናያለን። ስፔኖችም በ2022 ሠርተውታል። ይህ ታሪክ በሄደበት አገር ሁሉ እናት ያገኛል።

ሰሜን ኮከብ

ማዕዶት ልዩነቱን በደንብ ነው ያሳየሽው። እኔ ደግሞ ኮሪያዎች የጃፓንን ድራማ ገዝተው እንዳለ ከማሳየት ይልቅ ለምን ደጋግመው እንደሚሠሩት ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ከቅኝ ግዛቱ ዘመን ቁስል የተነሣ የጃፓን ፊልም፣ ዘፈንና ድራማ በኮሪያ ለአሥርተ ዓመታት ተከልክሎ ነበር። ክልከላው በደረጃ መነሣት የጀመረው በ1998 በፕሬዚዳንት ኪም ዴጁንግ ዘመን ነው። የጃፓን ድራማ በኬብል ጣቢያዎች መታየት የቻለው በ2004 ሲሆን ትልልቆቹ ጣቢያዎች ግን ሳይከፈቱ ቆዩ። ስለዚህ ጥሩ የጃፓን ታሪክ ሰፊው የኮሪያ ሕዝብ ጋር የሚደርሰው የኮሪያ ልብስ ለብሶ ነው።

አንዳንዱ ልብስ ልክ ሆኗል። ስለ ሐኪም ቤት ሥልጣን ሽኩቻ የሚናገረው «ነጭ ግንብ» በ2007 ኮሪያ ውስጥ ሲሠራ እጅግ ተወድዶ ነበር። አንዳንዱ አልሆነም፤ ስለ ሙዚቃ ተማሪዎቹ የተሠራው «ኖዳሜ ካንታቢሌ» ጃፓን ላይ በ2006 ሳቅና ዘፈን ሞልቶት የታየ፣ በ2014 ወደ ኮሪያ ሲገባ ግን ሳቁ ደርቆ የቀረ ነው። የዋናዋ ልጅ የኖዳሜ እብደት በኮሪያ ልጅ ላይ ሲጫን ልብስ እንደተዋሰች ትመስላለች። «ማዘር» ከሁሉ የተሳካው ለምን ይመስላችኋል? ደራሲዋ ለመቅዳት ስላልተቀመጠች ነው። ማዕዶት እንዳልሽው ሞቱን ከአንዷ እናት ወስዳ ለሌላዋ ሰጠች። እንዲህ ያለ ድፍረት ካልነበረ ዳግም መሥራት ምን ይጠቅማል? በኤፕሪል 2018 ካን ከተማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የተከታታይ ድራማዎች ውድድር ውስጥ የገባውም ይኸው የኮሪያው «ማዘር» ነው።

የሐይቅ ዳር

ስለ ስልኩ ትዕይንት ማንም አላነሣም? ልጅቷ ከማሳደጊያው ደውላ እናቷን «አንድ ጊዜ ደግመሽ ስረቂኝ» የምትልበት። በሁለቱም አለ። ኮሪያዎቹ አንድ ቃል አልነኩትም ማለት ይቻላል። ሌላውን ሁሉ ቀይረው ያን ተዉት።

አሺዳ ስትናገረው ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ስርቆት ክፉ ነገር መሆኑን አታውቅም። ለእሷ መሰረቅ ማለት የተወደደችበት ብቸኛ ጊዜ ነው። ሆ ዩል ስትናገረው ግን ምን እየጠየቀች እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እናቷ እስር ቤት ልትገባ እንደምትችል እያወቀች ነው የምትለምነው። የመጀመሪያው ይሰብረኛል። ሁለተኛው ያስፈራኛል። በዚህ ብቻ ሁለቱን እኩል አደርጋቸዋለሁ።

ማዕዶት

የሐይቅ ዳር፣ ልክ ነሽ፤ በዚህ እኔም እኩል አደርጋቸዋለሁ።

ጠበቃ ከሐዋሳ፣ ስለ ሃያ ዓመቱ የጻፍከው ለእኔ አዲስ ነገር ነው። ደብዳቤውን ሁልጊዜ እንደ መለያያ ነበር የማየው። አንተ ቀጠሮ አደረግህልኝ። ዛሬ ጠዋት ያን ትዕይንት ብቻ ነጥዬ ደግሜ አየሁት፤ ናኦ ስትሰጣት እጇ አይንቀጠቀጥም። ከዚህ በፊት ያን አላስተዋልኩም ነበር።

ሰላም ከኩዌት፣ ውልሽ እስኪያልቅ የጃፓኑን እንዳታዪው ብዬ ልመክርሽ ፈልጌ ነበር፤ ኋላ ግን ተውኩት። ከማየትሽ በፊት ግን እዚህ ጻፊልኝ፤ በዚያው ማታ እኔም አብሬሽ አየዋለሁ።

ሰላም ከኩዌት

እሺ እህቴ። ዓርብ ማታ እነሱ ለጉብኝት ይወጣሉ፤ ልጁም አብሯቸው ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ያን ጊዜ እጀምራለሁ። በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ።